ለብቻሽ አመልክቺ

«ለብቻሽ አመልክቺ» ሲላት አፉ በሚስማር ተሞልቶ ነበር። ጫማ ሠሪ ነው፤ ተረከዝ ሲመታ ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እየመዘዘ ነው የሚሠራው፤ በዚያ ሰዓት የሚናገረው ሁሉ ከአፉ ጥግ ተጣሞ ይወጣል። ሚስቱ በትክክል የሰማች ስላልመሰላት «ምን አልክ?» አለችው። ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸውና ደገመላት። ጥሩ ነው፣ ሂጂ፣ ዕድሉ ያንቺ ነው፤ እኔን ግን ወረቀቱ ውስጥ አትጨምሪኝ፤ ለብቻሽ አመልክቺ።

ይህን ለመስማት አልነበረም ከወርክሾፕ እስከ ሱቁ ድረስ እየሮጠች የመጣችው። የሥራ ቱታዋን እንኳ አላወለቀችም፤ የብየዳ ማስኩ ግንባሯ ላይ የተወው ቀይ መስመር ገና አልጠፋም ነበር። በያጅ ናት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ መርከብ ጠጋኝ ድርጅት ሠራተኛ ፈልጎ ሃያ ሦስት በያጅ ተፈተነ። አንጋጠው ከራሳቸው በላይ የበየዱት ወፍራም ላሜራ በመጋዝ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ፣ አንዲት ቀዳዳ ያልተገኘበት የሦስት ሰው ሥራ ብቻ ሆነ። ከሦስቱ አንዷ እሷ ነበረች፤ ሴትም እሷ ብቻ። ምስጋና ከአፉ የማይወጣው የወርክሾፑ ባለቤት እንኳ «እትዬ ብረት፣ አኮራሽን» ብሏታል። እትዬ ብረት የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፣ እያደር ግን ከልብ ሆነ።

ባሏ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ያቅፈኛል፣ ምናልባትም ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ወደ ቤት ይሄዳል ብላ ነበር። እሱ ግን ተረከዙን ጨርሶ፣ ጫማውን አገላብጦ አይቶ፣ ምክንያቶቹን ይደረድርላት ጀመር። ሱቁን ለማን ይተዋል? እናቱ የሚኖሩት እህቱ ዘንድ ቢሆንም ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ቋንቋውን አያውቅም። እዚያ ሄዶ እጁን አጣጥፎ የሚስቱን እጅ ሲያይ ሊውል ነው? ሁሉም እውነት ነበር። ግን አንድም «እስቲ ላስብበት» የለበትም፤ ቀደም ብሎ ተሰናድቶ የተቀመጠ መልስ ይመስል ነበር። እሷም ኩሩ ናት። «እሺ» ብላ ወጣች። ስትመጣ የሮጠችበትን መንገድ ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ሄደችው።

የተዋወቁት በጫማ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በብየዳ ብልጭታ የተበሳሳ የሥራ ጫማዋን ይዛ ሱቁ ስትገባ፣ ጫማውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየና «እመቤቴ፣ ማነው በጥይት የመታሽ?» አላት። ሳቀች። ጫማው ላይ ከውጭ የሚደረብ የቆዳ ሽፋን ሰፍቶ ሰጣት፤ እሷም በየሳምንቱ የሚጠገን ነገር መፈለግ ጀመረች፤ የሚጠገን ሲታጣ የጎረቤት ጫማ ሳይቀር ለምና ትወስድ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ። ልጅ ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ይመጣል ብለው ተስማምተዋል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ እሷ የበየደችው አልጋ፣ እሱ ያለበሰው ወንበር።

ጥሩ ባል ነበር። ቀልደኛ ነው፣ እጁ ሥራ አይፈታም፣ ድምፁ ከፍ አይልም። አንድ የማትወድለት ጠባይ ብቻ ነበረው። ጉንፋን ሲይዘው ፍራሽ ተሸክሞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ ያድራል። «እንዳላጋባብሽ» ይላታል። መጀመሪያ ደግነት መስሏት ነበር። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለሳምንት ለሳምንት ሲሆን ግን ደግነቱ ይቆረቁራት ጀመር። የትኛው ባል ነው በንፍጥ ምክንያት ሚስቱን ጥሎ የሚሄደው? አሁን «ለብቻሽ አመልክቺ» ሲላት ያ የቆየ ነገር ተነሳባት። ለካስ ይህ ሰው ከእኔ መለየት አይከብደውም፣ እንዲያውም ሲመቸው ነው የኖረው፣ ብላ አሰበች።

ማመልከቻውን ለማስሞላት ጠበቃው ዘንድ ሄደች። ጠበቃው ሕግ ተምረው አያውቁም፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ስለኖሩ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ቢሯቸው ከፎቶ ቤት ጎን ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ ማሽንና ሁለት ወንበር አላት፤ ሦስተኛ ሰው ከመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እየጠየቁ በሁለት ጣት ይመታሉ። ያገባች? ያገባች። ባል አብሮ ይሄዳል? «አይሄድም» አለች። ጠበቃው በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው አዩዋትና መቱት።

በስድስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ፋይሏ ተቀባይነት እንዳገኘ፣ አሁን የጤና ምርመራ እንደሚቀራት፣ ሁሉም ነገር በስልሳ ቀን ውስጥ ተሟልቶ መላክ እንዳለበት ይገልጻል። ከታች ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ፤ ጠበቃው ጣታቸውን አሳርፈውበት ሁለት ጊዜ አነበቡላት። ያገባ አመልካች፣ የትዳር ጓደኛው አብሮት ቢሄድም ባይሄድም፣ ጓደኛውን ማስመርመር አለበት። ዛሬ ያልተመረመረ ባል ነገ ሚስቴ ዘንድ ልሂድ ቢል በሩ ዝግ ነው።

ይህን ለባሏ ስትነግረው ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ አልሄድ፤ ምን ሊያደርግላቸው ነው የሚያዩኝ?» አለ። ሕጉ ነው አለችው። ምን ዓይነት ምርመራ እንደሆነ ጠየቃት። ደም፣ ሽንት፣ የደረት ራጅ፣ አለችው። ብርጭቆውን አንስቶ ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ ለማክሰኞ ቀጠሮ ያዢልኝ አላት፤ እሷም ያዘችለት።

ማክሰኞ ዕለት ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ቀረ። ሁለተኛ ቀጠሮ ሐሙስ ተያዘ። ሐሙስ ጠዋት አብረው ወጡ፤ መንገድ ላይ የሱቁን ቁልፍ ረስቻለሁ፣ ቅደሚና እደርስብሻለሁ አላት። ክሊኒኩ ውስጥ ከግድግዳው ጋር በተያያዘ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። እሷን ጠሯት፣ ተመረመረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ የባሏን ስም ጠሩ። ሦስት ጊዜ ጠሩ። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እናት «ያንቺ ሰው ነው እንዴ?» ሲሏት «አይደለም» ብላ ውሸቷን መለሰች። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ሌላ ሴት ይኖረው ይሆን ብላ አሰበች። ቀኑን ሙሉ ያለፈውን ሁሉ እያነሳች አሰበች፣ ኪሱን ዳበሰች፣ ስልኩን አየች፤ ከቆዳ ነጋዴና ከእናቱ በቀር የሚደውልለት የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አትሂጂ ለማለት አፍሯል፤ እምቢታውን በሰንካላ ምክንያት እየሸፈነ ስልሳውን ቀን ሊያስጨርሳት ነው። ይህ ከሴትም ባሰባት። እምቢ ቢላት እኮ ፊት ለፊት ትጣላው ነበር።

ጠበቃው ጉዳዩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩን ገርበብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሯት። የጋብቻው ወረቀት እዚህ ነው፤ እነሱ እዚያ ናቸው፤ ማን ሊያመሳክር ነው? ፎርሙን አስተካክለን እንልካለን፣ በስሕተት ተሞልቶ ነበር እንላለን። ያላገባች ብለን አንዲት ቃል ብንለውጥ ባልም ምርመራም የለም። እኔ ዘንድ ከሚመጡ ሰዎች ስንቱ እንዲህ እንዳደረገ ብነግርሽ አታምኚኝም አሉ።

«ኋላስ? ልምጣ ቢል?» አለቻቸው።

«ልጄ» አሉ ጠበቃው፣ «ለአንድ ራጅ ያልመጣልሽ ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣልሻል?»

ሰውዬው ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለእሷ ብለው ነው። ማተሚያው አንድ ገጽ ተፋ። የእሷ ስም፣ የትውልድ ቀኗ፣ ሥራዋ፤ ከሥራዋ በታች «ያላገባች» ይላል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ነገ ፈርሜ አመጣለሁ ብላ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ አንድ ትልቅ የግቢ በር ስትበይድ ዋለች። ወረቀቱ ደረት ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ባጎነበሰች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሁለት ጊዜ እጇን ጠርጋ እስክሪብቶ ተዋሰች፤ ሁለት ጊዜም መለሰች። መፈረሙ አልነበረም ያስቸገራት። እሱ ሳያውቅ መፈረሙ ነው። ስምንት ዓመት አብሮ የኖረን ሰው በአንዲት ቃል ስትሰርዝ፣ ቢያንስ ፊቱን እያየች መሆን አለበት። ለምሳ ሲወጡ ጓንቷን ጥላ ቀጥ ብላ ወደ ሱቁ ሄደች።

ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ዘርግታ፣ ከሙጫው ጣሳ ጎን፣ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቆዳ መቁረጫውን አኖረና አነበበ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፤ ዓይኑ አንዲት ቦታ ላይ ሲቆም አየችው።

«ፈርሚው» አለ።

መናደድ ነበር የሚገባት፤ ግን የመጣው እንባዋ ነው። «ምን አድርጌህ ነው?» አለችው። «እሱን ብቻ ንገረኝና እፈርማለሁ።»

ተነሳና ቀትር ላይ የሱቁን አንድ በር ዘጋ፤ ሁለተኛውን ገርበብ አደረገው። ደንበኞች ጫማ ሲያወልቁ የሚቀመጡባት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ቀና ብሎ ሲያያት ልጅ ይመስል ነበር።

«ሳምባዬን ታምሜ ነበር» አለ። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ቲቢ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ተግተልትሎ ወጣ። ስምንት ወር መድኃኒት ወስዷል፣ ከዚያ ውስጥ አራቱን ሆስፒታል ተኝቶ። ድነሃል ተብሎ፣ ካርዱ ላይ ተጽፎለት ነው የወጣው። ግን ያኔ የታጨችለት ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ሲሰሙ በአንድ ቀን ነገሩን አፈረሱት፤ እሱ ጠጥቶበት የነበረውን ብርጭቆ ሳይቀር እንደጣሉት ሰው ነገረው። እናቱ ቤት ቀየሩ፣ ሰፈር ቀየሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር ለማንም እንዳትተነፍስ ብለው አስማሉት። እሱም አልተነፈሰም። ጉንፋን ሲይዘው የሚወጣው፣ እሷ ሳሉን ሰምታ አንድ ቀን «ምን ነካህ?» ብላ እንዳትጠይቀው ነው። አንዳንዴም ተመልሶብኝ እንደሆነስ ብሎ ስለሚፈራ ነው።

«ጠባሳው ራጅ ላይ አይጠፋም ብለውኛል» አለ። «እኔን ሲያዩ ያንቺንም ወረቀት ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ። ለብቻሽ ካመለከትሽ እኔን ማን ይነካኛል ብዬ ነበር። ለካ የቀረም ሰው ይመረመራል።»

እሷ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በስምንት ዓመት ስንት ሌሊት እንደሚሆን በልቧ ትቆጥር ነበር።

«እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነው» አለች።

«አንቺን?» አለና ቀና ብሎ አያት። እውነቱን ነበር የተገረመው፤ ይህ ነገር በሐሳቡም መጥቶ አያውቅም።

ይቅር አልኩህ አላለችውም። ወረቀቱን አንስታ ወጣች፤ ሁለት ቀንም አላናገረችውም። በሽታው አልነበረም ያናደዳት፤ እሱማ እንደማንኛውም በሽታ ታክሞ የዳነ ነው። ያናደዳት ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ እየተኛች፣ በሩ እንዳይከፈት አንድ ሰው ከውስጥ ተደግፎት መኖሩ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ካልሲውን ሲያደርግ አጠገቡ ተቀመጠችና ቀጠሮው ለማክሰኞ ነው፣ ዘንድሮ ቁልፍ የሚረሳ ሰው የለም፣ አለችው። ጠበቃውንም ሄዳ ፎርሙ እንደነበረው ይቀመጥ፣ ያገባሁ ነኝ አለቻቸው። ጠበቃው ትንሽ አኮረፉ፤ ወረቀቷን ግን ተቀብለው አገላበጡና ጀርባውን ለረቂቅ ይሆነኛል ብለው ከመሳቢያቸው ከተቱት።

ማክሰኞ አብረው ገቡ። እስከ ወገቡ አወለቀ፤ አገጩን ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ አስደግፎ፣ ትከሻህን ወደፊት፣ ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ፣ አሁን ተንፍስ ተባለ። ከዚያ ሐኪሟ ዘንድ ጠሯቸው። ወጣት ናት፤ ጸጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ ነበር የያዘችው። ሥዕሉ ብርሃን ላይ ተሰቅሏል። በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ከአጥንቶቹ ኋላ፣ እንደ ጥፍር ጭረት ያለ ነጭ መስመር ይታይ ነበር።

ሐኪሟ ስለዚህ የሚነግሩኝ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ጫማ ሠሪው ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተናገረ። አንድ ጊዜ የተነገረ ነገር ለሁለተኛው ጊዜ ይቀላል መሰለኝ።

በያጇ ግን ሥዕሉን ነበር የምታየው። በሥራዋ የብየዳ ራጅ አይታ ታውቃለች፤ ትላልቅ ቱቦዎች ተበይደው ሲያልቁ እንዲሁ ፎቶ ይነሳሉ። ቀረብ ብላ አየችና «ዶክተር፣ ይሄ ስፌት የተዘጋ ነው ወይስ ክፍት?» አለቻት።

ሐኪሟ ሳቀች። «እኛም ማወቅ የምንፈልገው ይህንኑ ነው» አለች። «የድሮ ጠባሳ ይመስላል። ጠባሳ ደግሞ ማንንም አያስከለክልም። ግን በፎቶ ብቻ አይፈረድም።»

ሦስት ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ አክታ እንዲያመጣ አዘዘችው። ላቦራቶሪው የሚበቅል ነገር አለ የለም ብሎ ስምንት ሳምንት ይጠብቃል። ከስልሳው ቀን ብዙው ስላለፈ ስምንት ሳምንት ከቀነ ገደቡ ውጭ ነበር፤ የማራዘሚያ ደብዳቤ መጻፍ አስፈለገ። ጠበቃው ሐኪሟ የሰጠችውን ማስረጃ አነበቡ፣ በያጇም የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ተቀምጠው መቱት፤ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ምንም ሳልጨምርበት የጻፍኩት ማመልከቻ ይኸ ነው አሏት። ማራዘሚያውም ተፈቀደ።

በእነዚያ ስምንት ሳምንታት በስምንት ዓመት ያላወሩትን አወሩ። ሙያውን የተማርኩት ከአጎቴ ነው ይላት ነበር፤ ለካ ጫማ መሥራት የተማረው እዚያው ሆስፒታል፣ ከጎኑ ካለው አልጋ ላይ ከተኙ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው የነርሶቹን ጫማ በአልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠግኑ ነበር፤ እሱ ክር ያቀብላቸዋል፣ ኋላ መርፌውንም ሰጡት። ስለ እኚያ ሰው ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር፤ ይህን ያህል የሚወደውን ሰው ስም በቤቱ ውስጥ ጠርቶት እንደማያውቅ ስታስብ አዘነችለት። አንድ ቀን እንደቀልድ ትን አለውና ሳል ያዘው፤ ልማድ ሆኖበት ወደ በሩ ብድግ አለ። «ተቀመጥ» አለችው፤ ተቀመጠ፤ ስሎ እስኪጨርስ ጀርባውን መታችለት።

እናቱንም ሄዶ ነገራቸው። ተናገርኩ፣ አወቀች፣ አላቸው። አሮጊቷ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሄደች?» የሚል ነበር። አልሄደችም ሲላቸው ለረጅም ጊዜ መቀነታቸውን ሲፈቱና ሲያስሩ ቆዩና፣ ታዲያ ለምን ይዘሃት አልመጣህም ብለው ተቆጡት።

በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ልብስ እያጣጠፉ ሳለ፣ በያጇ ከአንድ ሐሳብ ጋር ስትታገል ቆይታ አወጣችው። ወረቀቱ ላይ አሁንም «አብሮ አይሄድም» ነው የሚለው። ፈርቶ ያለው ነው ወይስ በእውነትም አይፈልግም?

«ጠይቀሽኝ እኮ አታውቂም» አለ።

«አልሄድም ብለኸኝ የለ?»

«ያኔ የመለሰልሽ ፍርሃቴ ነው። እኔ ገና አልተጠየቅኩም።»

እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ አስቀመጠች። «እሺ፣ አሁን ጠይቄሃለሁ» አለች። «ትመጣለህ?»

እሺ ይላል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ጊዜ ስጪኝ አላት። ይህን በር ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የእኔ አይደለም ብዬ ነው የኖርኩት፤ ከበሩ ኋላ ምን እንዳለ አስቤ አላውቅም፤ እስቲ ላስበው አላት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልትሰማው የፈለገችው ቃል ይኸው ስለነበር አልተከፋችም።

ውጤቱ በስምንተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን መጣ። ሐኪሟ ራሷ ደወለች። ምንም አልበቀለም፤ ስፌቱ ዝግ ነው፣ ለሚስትዎ ይንገሩልኝ አለችው። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ስለነበሩ «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብሎ ስልኩን ዘጋና፣ የያዘውን ጫማ ጨረሰ። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ እስከ ወርክሾፕ በእግሩ ሄደ። ወርክሾፑ በር ላይ ደርሶ፣ በብየዳው ብርሃን ዓይኑን በክንዱ ከልሎ ሲቆም ያዩት ልጆች «እትዬ ብረት፣ ሰው ይፈልግሻል» ብለው ጠሯት። ማስኳን ስታነሳ ፊቱን አየችና ውጤቱን አወቀች።

መልሱንም ያን ቀን፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ሰጣት። እመጣለሁ፤ ግን አሁን አይደለም፤ አንቺ ቅደሚና አገሩን እይልኝ። ጠበቃውም በዚህ ተስማሙ። አሁን «አብሮ ይሄዳል» ብሎ መለወጥ ፋይሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ድርጅቱ ደግሞ ሥራ የምትጀምርበትን ቀን ቆርጧል። ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ምርመራውን አልፏል፤ በፈለገ ጊዜ በራሱ ማመልከቻ ይከተላታል። ስለዚህ ያቺ ቃል እንደነበረች ቀረች። ባለትዳር ሆና ለብቻዋ አመለከተች፤ ለብቻዋም ተፈቀደላት።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ሄደች። የአውሮፕላን ማረፊያው ስንብት አጭር ነበር፤ እሱ ሻንጣዋን ሲያነሳ እጀታው ላልቶ አየና ተሰላፊው ሁሉ እያየው ቁጭ ብሎ በኪሱ ባለ ሽቦ አሰረላት። ከዚያ እሷ ወደ ውስጥ ገባች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አልነበሩም። ክፍሏ ከአንዲት መበለት ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቷ ወደብ ያሳያል፤ ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስትነሳ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ቋንቋውን በጣትና በፈገግታ ነው የጀመረችው። ብረት ግን ቋንቋ አይጠይቅም፤ በሁለተኛው ወር ወደ መርከቡ ሆድ ውስጥ፣ የሌሎች ትከሻ የማይገባበት ቦታ፣ እሷን ይልኳት ጀመር። እሁድ እሁድ ይደውልላታል። ስለ አየሩ ጥቂት፣ ስለ እናቱ ጥቂት ያወራና፣ ሰው እዚያ ምን ዓይነት ጫማ ነው የሚያደርገው? ሲቀደድ ያሰፋል ወይስ ይጥላል? እያለ ይጠይቃታል። ይጥላል አለችው። «እንዴት ያለ ብክነት ነው» አለ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ጠበቃው ዘንድ ሄዶ ማመልከቻውን አስሞላ።

በአሥራ አንደኛው ወር፣ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ነበር። ሻንጣው ለመጠኑ ይከብድ ነበር፤ መዶሻውንና የብረት ቅርጾቹን ሁሉ ተሸክሞ መጥቷል። ተቃቅፈው ብዙ ቆሙ፤ ከዚያ ሻንጣውን ከሁለት ወገን ይዘው ወደ መበለቷ ቤት በእግራቸው ተጓዙ። ሕንጻውን፣ ወደቡን፣ ክሬኖቹን እያሳየችው ሄደች። እሱ ግን ቀና አላለም። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እግር ያያል።

«እዚህ ሰው ሁሉ ተረከዙን በግራ በኩል ነው የሚጨርሰው» አለ።

እሷም ቆም ብላ አየች። እውነት ነበር፤ አሥራ አንድ ወር ስትመላለስ ልብ ብላው አታውቅም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ነፋሱ ከባሕር በኩል ይገፋቸዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተደግፎ ነው የሚራመደው፤ ማታ ሲመለሱ ግን ነፋሱ ይተኛል። ይህን ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ዓይነት ሶል እንደሚበጅ እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ጥግ ሲዞሩ ነፋሱ እነሱንም አገኛቸው፤ ሻንጣውን አጥብቀው ያዙና እንደ ሰዉ ሁሉ ጋደል ብለው መንገዱን ቀጠሉ።